የእኅቴን ልጅ ስም ላጠቡልን ለአቶ ምናሴ አዘዘ

ለክቡር አቶ ምናሴ አዘዘ
የ«ብሩህ ስም» የገጽታና የዝና አስተዳደር ድርጅት ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጣና ማለዳ የረጋ፣ ቢሮዎ መብራት የማይጠፋበት፣ ስልክዎም ባትሪው የማያልቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ አይጠይቁም እንጂ፣ ደኅና ነኝ። ደኅንነቴ ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ያለ ነው፤ መኖሩ ይታያል፣ ቢቆነጥጡት ግን አይሰማም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቁጣ ፈልገው ቢያጡ ጨዋነቴን አያመስግኑ። ቁጣ ነበረን፤ አለቀ፤ ሌላ አላመጣንም።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ከሐይቁ ፊት ለፊት ባለው ቢሮዎ፣ በዚያ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ይህ ወንበር ሰው ሲውጥ ድምፅ አያሰማም» ብዬ ጸሐፊዎን ያሳቅሁት ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዘንዘልማ መስመር የሚኒባስ ተራ በማስከበር ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረስሁት የሰው ልጅ ላደርስ ብቻ ሲሆን፣ ፊደል የለየሁት ከሱቅ ታፔላ፣ መጻፍ የተማርሁት ደግሞ ተሳፋሪ በሾፌር ላይ የሚያቀርበውን አቤቱታ እየጻፍሁ ነው። ስለ መጻሕፍት ብዙ አላውቅም፤ ስለ ሰልፍ ግን አውቃለሁ። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማን ከማን ጎን እንደ ቆመ ማየት እንጀራዬ ነበር። እርስዎም በመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ የእኛ ሥራ ቀላል ነው፤ ጥሩ ጥሩውን ከፊት እናሰልፋለን፣ መጥፎ መጥፎውን ወደ ኋላ እንገፋለን» ሲሉኝ የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ሞቆ ነበር።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና፣ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከሥሩ ልጀምር። የእኅቴ ልጅ ተዋናይ ነው። ሹም አቦ በሚገኘው የእናቱ ቤት አድጎ፣ መስታወት ፊት ቆሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አረማመድ ሲቀዳ ኖሮ፣ በመጨረሻ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ትልቅ ቦታ አገኘ። እንዲጫወት የተሰጠው ሰው ደላላ ነው፤ የሰው መሬት ሲያሻሽጥ ኖሮ፣ የሚያሻሽጠው ሲያጣ የገዛ እናቱን ቤት ይሸጥና አሮጊቷን በጀልባ ወስዶ ደሴት ገዳም ጥሏት ይመለሳል። አዘጋጁ ደግሞ ነገሩ «እውነት እንዲመስል» በማለት ተዋንያኑ ሁሉ በገዛ ስማቸው እንዲጠሩ አደረገ። ስለዚህ ደላላው የእኅቴ ልጅ ስም፣ የእኅቴ ልጅ መልክና የእኅቴ ልጅ ሳቅ አለው። ልጁም በደንብ ሠራው። እኅቴ የመጀመሪያውን ክፍል አብረን ስናይ «ይህ ባለጌ ግን የማን ልጅ ነው?» አለች። «ያንቺ» አልኋት። ትራስ ወረወረችብኝ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ምስጋናዬ ከዚህ በኋላ ስለሚጀምር በተራ በተራ አቀርበዋለሁ፤ ልማድ ነውና ይታገሡኝ።

አንደኛ፤ ድራማው ሊጀምር ሲል የማስታወቂያው ሥራ ለድርጅትዎ ተሰጠ። እርስዎም ማስታወቂያ ማስታወቂያ ከመሰለ ሰው አያየውም በሚለው ጥበብዎ፣ በዜና መልክ፣ በየማኅበራዊ ገጹ፣ «ተዋናዩ የእናቱን ቤት ሸጠ!» ብለው ከነስሙ ከነፎቶው አወጡት። ድራማው የሚተላለፍበትን ሰዓት ከታች በደቃቅ ፊደል ጻፉ። ሰው አየው፤ የስልኩ መፈለጊያም አየው። ያ መፈለጊያ ምን ያህል የዋህ እንደ ሆነ ያኔ አላወቅሁም ነበር። የነገሩትን ሁሉ ያምናል፣ ቀልድ አይገባውም፣ ደቃቅ ፊደል አያነብም። ከዚያ ወዲያ የእኅቴን ልጅ ስም በስልኩ የጻፈ ሰው ሁሉ፣ ከፎቶው ሥር «ተዋናይና ደላላ፤ የእናቱን ቤት በመሸጡ ይታወቃል» የሚል መልስ ያገኝ ጀመር። አቶ ምናሴ አዘዘ የእናቱን ቤት ሸጠ የሚለውን ዜና ለአገር ስላበረከቱ በቅድሚያ ላመሰግን እወዳለሁ።

ሁለተኛ፤ ልጁ በዚያው ሰሞን ሊያገባ ነበር። የወደዳት ልጅ አንበሳሜ ተወልዳ እዚህ ባሕር ዳር የምታስተምር፣ ሲስቅባት መልሳ የምትስቅበት፣ ለእሱ ልክ የሆነች ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ፣ ቃል ሲሰጡ የማያጥፉ፣ ቃል ሲቀበሉም የሚመዝኑ ሰው። ጎረቤታችን ቄሱ፣ የእድራችን ዳኛና እኔ ሽማግሌ ሆነን አንበሳሜ ሄድን። በወጋችን ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ቆሞ ይናገራል፤ ተቀመጡ እስኪባል ይጠብቃል፤ ከዚያ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጠራል። ቆምን፤ ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን፤ ቆጠርን። ከአያት እስከ ምንዝላት፣ ከምንዝላት እስከ እንጅላት በሰላም አለፍን። ሰባቱን ቤት ተሻግረን ያረፍን መስሎን ሳለ የመሪጌታው ታናሽ ወንድም፣ ከተማ ቢሮ የሚሠሩ ሰው፣ ስልካቸውን አወጡና «እስቲ ልጁን ልየው» አሉ። አዩት። ከዚያም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኧረ ጋሼ! ይሄ እኮ የእናቱን ቤት የሸጠው ነው!» አሉ።

ስምንተኛው ቤት ስልክ መሆኑን ማን ያውቃል?

ቄሱ ነገሩ ድራማ መሆኑን ሊያስረዱ ብዙ ደከሙ። መሪጌታው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ካደመጡ በኋላ፣ «እንግዲህ ስሙ የራሱ፣ መልኩ የራሱ፣ ኃጢአቱ ብቻ የሰው ነው ማለት ነው?» አሉ። ከዚህ የተሻለ የትወና ትርጉም ሰምቼ አላውቅም፤ ቦታው ባይሆን ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር። ልጃቸውን አልከለከሉንም፤ አልሰጡንምም። «ስልክ ምስክር አይሆነኝም። ምስክር ማለት ያየ ሰው ነው። እስካጣራ ድረስ ቀጠሮ ይሁን» ብለው በሰላም ሸኙን። በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ስንቱን ተሳፋሪ ስታሰልፍ ኖረህ አንዲት ስልክ ከኋላ ማቆም አቃተህ?» አለኝ። ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሦስተኛ፤ ወደ እርስዎ የመጣነው ይህን ጊዜ ነው። አቶ ምናሴ አዘዘ የእናቱን ቤት ሸጠ ለሚለው ወሬ ፍቱን መድኃኒት አላቸው ብለው የላኩን ሰዎች፣ ወሬውን ያወጡት ራሳቸው አቶ ምናሴ መሆናቸውን አልነገሩንም፤ እርስዎም አላነሱትም። ይህን ትሕትናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ልብስ አጣቢ ከቤቱ ጭቃ ይዞ ከወጣ ሥራ አያጣም።

ማጠቡም ተጀመረ። ድርጅትዎ በየገጹ ጽሑፍ አወጣ። የአንደኛው ርእስ «ተዋናዩ የእናቱን ቤት አልሸጠም» ይላል። የሌላው «የእናቱን ቤት ሸጠ የተባለው ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ» ይላል። «የእናቱን ቤት ለምን እንደማይሸጥ ተናገረ» የሚልም ነበረበት፤ እሱን ሳነብ እኔ ራሴ ለምን እንደማይሸጥ ማሰብ ጀመርሁ። እኛ ዘመድ አዝማድ ደግሞ በምክርዎ መሠረት እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየተሰበሰብን ስሙን ከመልካም ቃል ጋር በስልክ እንድንፈልግ ታዘዝን። የእድሩ ሽማግሌዎች መነጽር እየተዋዋሱ፣ የጠፋ ፊደል እየፈለጉ፣ «የእናቱን ቤት አልሸጠም» እያሉ ጻፉ። ቄሱ በመካከሉ ቀና ብለው «ይህ ነገር ስግደት ሆነብኝ እኮ፤ ስንት ጊዜ ነው የሚደገመው?» አሉ። «እስኪሰማ ድረስ» አልኋቸው። ሰማ። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ የልጁን ስም ብቻ ስንጽፍ፣ ስልኩ ገና እጃችንን ሳናነሣ «የእናቱን ቤት» ብሎ ይጨርስልን ጀመር። ለካ መካድም መጥራት ነው። እርስዎ ግን ደውለው «ጥሩ ነው፤ መነቃቃት አለ» አሉን።

አራተኛ፤ የልጁ ገጽታ እንዲለዝብ በሐይቁ ዳር፣ እናቱን በወንበር አስቀምጦ ጉልበቷን ሲስም ፎቶ አስነሡት። ፎቶው ያማረ ነበር። ከሥሩ መጀመሪያ የተጻፈው አስተያየት «ከሸጣት በኋላ ጉልበት መሳም!» የሚል ነው። ስለ ፎቶው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አምስተኛ፤ የመጨረሻው መድኃኒት ቪዲዮ ነው ተባለ። «እናትየው በራሳቸው አንደበት፣ በራሳቸው በር ላይ ቆመው ይናገሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር ካለ እኔ አለሁ» ያሉት እርስዎ ነዎት። እኅቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ የቤቷን ካርታ በእጇ ይዛ፣ አረንጓዴው የብረት በሯ ፊት ቆመች። ካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበረ፤ መንገዱ ድንጋይ ሊነጠፍበት ተቆፍሮ ስለነበር ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ዓይኗ ላይ አፈሰሰው። ዓይኗን እያበሰች «ልጄ ቤቴን አልሸጠም፤ ይኸው በሬ፣ ይኸው እኔ» አለች። አጭርና ግልጽ ንግግር ነበር። በድርጅትዎ በኩል ሲወጣ ግን ርእሱ «የተዋናዩ እናት ስለ ቤቱ ጉድ እያለቀሱ ተናገሩ» ሆነ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «አባባ፣ ርእሱ ካልጎተተ ማን ይከፍተዋል?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ርእሱ ጎተተ። ርእሱን ያየ ሕዝብ ቪዲዮውን መክፈት አላስፈለገውም። ካርታዋን ይዛ ዓይኗን የምታብስ ሴት ምስል በቂ ነበር። መፈለጊያውም ሌላውን ሁሉ ገፍትሮ እሱን ከፊት አሰለፈው። ክቡር አቶ ምናሴ አዘዘ የእናቱን ቤት ሸጠ በሚባለው ጉዳይ ላይ ያሳዩት የሙያ ብቃት ለትውልድ የሚተርፍ ነው።

ስድስተኛውን ምስጋና በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ድርጅትዎ በሪፖርቱ ውስጥ ያላካተተው ክፍል ነውና።

ከቪዲዮው በኋላ ወደ እኅቴ በር ሰው ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ናቸው። «ሽያጩ አልቋል ወይስ ገና ነው?» ይላሉ። አልተሸጠም ስትላቸው «እሺ፣ ስንት ብትሉ ይሻላል?» ይላሉ። ከነሱ በኋላ አዛኞች መጡ። የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞቿ ጤፍና ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። እኅቴ ቀልድ ስለምታውቅ መጀመሪያ ላይ «ብርድ ልብሱ ለወንድሜ ይሁን፣ ጤፉን ተዉልኝ» ትል ነበር። ቆይቶ ማስረዳት ጀመረች። ማስረዳቷን ሲሰሙ እጇን ይዘው «አይዞሽ፣ ልጅ ነው፤ መሸፈን የእናት ነው» አሏት። ልጇን ሸፍና የምትዋሽ መሰላቸው። እውነት በተናገረች ቁጥር የበለጠ አዘኑላት። ከዚያ ማስረዳቱን ተወችው።

አንድ ቀን ጠዋት ደጇን ስትጠርግ ሁለት ሴቶች በመንገድ ሲያልፉ አዩዋት። አንደኛዋ ለሌላዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ሳትሞክር፣ «አዲሶቹ ባለቤቶች ደግ ናቸው፤ ለጽዳት አስቀርተዋታል» አለች። እኅቴ መጥረጊያውን አስቀምጣ ገባች። በማግሥቱ ስሄድ ያ ደጅ በግማሹ ብቻ ተጠርጎ ቀርቶ ነበር።

«ይህን ቤት ሰው ሁሉ አልቅሶ ቀብሮታል» አለችኝ። «እኔ የምኖረው መቃብር ቤት ነው። ልሸጠው ነው።»

ልከለክላት ሞከርሁ። በቀልድም ሞከርሁ፤ አልሳቀችም። ልጇ ለድራማው የመጨረሻ ክፍሎች ቀረጻ ከከተማ ወጥቶ ነበር፤ እንዳልነግረው አማለችኝ። ለሠርጉም ይሆነዋል፣ ለመቋቋሚያም ይሆነዋል ብላ አስባ ነበር። የገዙት ሰው ጨዋ ናቸው። ቤቱን እንዴት አወቁት ብላቸው፣ በሩን ከቪዲዮው ላይ አይተው እንደ ወደዱት ነገሩኝ። እንግዲህ ቪዲዮዎ አንድ ያመነ ሰው አግኝቷል ማለት ነው፤ ቤቱ አለመሸጡን ያመኑት እሳቸው ብቻ ናቸውና ገዙት። አልጋዋን እኔና የእድሩ ዳኛ ተሸክመን ዘንዘልማ፣ አስፋልቱ ዳር ወዳለች የኪራይ ክፍል አስገባን። ክፍሏ አዲስ ናት፤ ግድግዳው ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል። ማዶው እስካሁን ማሳ ነው፤ ለጊዜው።

ሰባተኛ፤ መሪጌታው ቃላቸውን አክብረው ሊያጣሩ መጡ።

ማንንም አልላኩም። እኅቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ መሆኗን በሽምግልናው ቀን ከእኛ ሰምተው ነበርና፣ በዕለቱ ከቤቷ እንደማትጠፋ አስበው፣ ያን ቀን መርጠው፣ በማለዳ ከአንበሳሜ ተሳፍረው፣ ለብቻቸው መጡ። ሚኒባሱ ዘንዘልማን ሲያልፍ በእኅቴ የኪራይ ክፍል ደጃፍ ነው ያለፈው። እሷ ያን ጊዜ ውጭ ተቀምጣ ምስር ትለቅም እንደነበር ነግራኛለች። መሪጌታው በመስኮት በኩል ተቀምጠው ከነበረ አይተዋታል፤ ግን የሚያውቋት በስም ብቻ ነው። ሹም አቦ ሲደርሱ ሰው ጠይቀው በሩን አገኙት። በሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዘበኛ ቆሞበታል። ከዘበኛው ጋር የተነጋገሩትን ዘበኛው ራሱ፣ ጥሩ መስተንግዶ እንዳደረገ ሰው በኩራት አጫውቶኛል።

መሪጌታው የተዋናዩን እናት እንደሚፈልጉ ነገሩት።

«ተሸጦ እኮ ነው፣ አባ» አላቸው።

«ማን ሸጠው?»

«ልጃቸው ነዋ! ስልክ ላይ አለ፤ ላሳይዎት?»

አላዩም። አመስግነውት ተመለሱ።

ለመጨረሻ ጊዜ አንበሳሜ የሄድሁት ለብቻዬ ነው። መሪጌታው አልተቆጡም። ምሳ አቀረቡልኝ፤ እስክበላ ጠበቁ። ከዚያም፣ «ስልኩን አላመንሁትም ነበር። ሄጄ አየሁ» አሉኝ። እኔም ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ቤቱን የሸጠችው እናትየው ራሷ እንደ ሆነች፣ የሸጠችውም ሰው ሁሉ ተሸጧል ስላለ እንደ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ተሸጧል ያለውም አልተሸጠም ብለን ስላስተባበልን እንደ ሆነ። መሪጌታው ረጋ ብለው፣ «አቶ አንዳርጋቸው፣ ይህን ሲናገሩ ለራስዎ ይሰማዎታል?» አሉኝ። ይሰማኝ ነበር። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም ነበር። ልጅቱ ጓዳ ነበረች፤ ድምፅዋን አልሰማሁም። ከዐቢይ ጾም በፊት ልጅቱን ለሌላ ሰው ለመስጠት እሺ ተብሏል።

ክቡር አቶ ምናሴ አዘዘ፤

ይህ በሆነ በሳምንቱ ከድርጅትዎ የተላከ ሪፖርት ደረሰን። ባለቀለም ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣ መሥመር አለው። «እንኳን ደስ አላችሁ! የደንበኛችን ስም በከተማው ከሚፈለጉት ቀዳሚ ስሞች አንዱ ሆኗል» ይላል። ለእኅቴ ልጅ አነበብሁለት። «ጥሩ ነው» አለ። አሁን የድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ ሊቀረጽ ነው፤ ደላላው ተመልሶ እንዲመጣ ተመልካች ስለ ጠየቀ ልጁ ተጠርቷል፤ እሺም ብሏል። ሌላ ሥራ ያቀረበለት የለም፤ የአባት፣ የሐኪም፣ የመምህር ቦታ ሲኖር «ሕዝቡ አይቀበልህም» ይሉታል። ቀረጻው እስኪጀመር ድረስ ዘንዘልማ እየመጣ ይውላል። እናትና ልጅ በደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያልፈውን ሚኒባስ ያያሉ። አይጣሉም። አያወሩምም። እኔ በመካከል ሆኜ ሾፌሮቹን በስም እየጠራሁ እቀልዳለሁ፤ ሲያበቃ ሁለቱም አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል። ድሮ እኅቴ ትራስ ትወረውርብኝ ነበር።

ከእርስዎ ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፤ እንዲያስተባብሉልንማ በፍጹም አልጠይቅም። የማስተባበያዎን ጉልበት አይተነዋል። በሰው አገር እንዳለ እንግዳ በገዛ ስማችን ውስጥ እንዴት ተሸማቅቆ መኖር እንደሚቻል ስላስተማሩን ብቻ አመሰግናለሁ። አቶ ምናሴ አዘዘ የእናቱን ቤት ሸጠ ተብሎ የተጀመረውን ወሬ ተቀብለው፣ አሳድገው፣ ኩለው፣ በመጨረሻም እውነት አድርገው ለቁም ነገር አብቅተውታልና፣ ከሥራ ፈጣሪ ይልቅ ወላጅ ብለን ብንጠራዎ ይገባዎታል።

በሐይቁ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ሁሉ ለቢሮዎ መልካም ዜና ይዞ እንዲገባ፣ አቧራውንም ወደ ሌላ ሰው ዓይን ይዞ እንዲሄድ በመመኘት፣ ለክብርዎ ያለኝን ከወንበርዎ የጠለቀ አክብሮት እገልጻለሁ።

ቀድሞ የዘንዘልማ መስመር ተራ አስከባሪ
አንዳርጋቸው ክንዱ
ከሹም አቦ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ አስተዋይ ሰው ነዎትና ሳይታይዎ አልቀረም፤ በዚህ ረጅም ደብዳቤ ውስጥ የእኅቴ ልጅ ስም አንድም ቦታ የለም። የእኅቴም፣ የልጅቱም፣ የመሪጌታውም የለም። መፈለጊያው ነገር እንደማይሰማ፣ ማን ከማን ጎን እንደ ቆመ ብቻ እንደሚያይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህ ደግሞ የቆየ ሙያዬ ነው። ስለዚህ «የእናቱን ቤት ሸጠ» ከሚለው ቃል ጎን በክብር ያቆምሁት የእርስዎን ሙሉ ስም ብቻ ነው። የራሴም ስም አለበት፤ እኔ ግን የምኖረው በኪራይ ስለሆነ የሚሸጥ የለኝም። በመስመራችን ያሉ ሾፌሮችና ረዳቶች ሁሉ ደብዳቤውን በየገጻቸው ሊያወጡት ቃል ገብተውልኛል፤ ብዙ ናቸው፣ ወረፋ ሲጠብቁም ሥራ የላቸውም። ነገሩ ከከበደዎት ያስተባብሉ፤ በርትተው፣ ደጋግመው ያስተባብሉ።

ለወላጅ እናትዎም የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ በቤታቸው ካሉ።